ፋይሌን ለማየት ፓስፖርቴን ሰጠሁ

ይህን የምጽፈው ያኔ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። የግል መረጃውን ከድርጅት ለመጠየቅ ያሰበ ሰው ሳይጀምር ያንብበው።

የብድር ማመልከቻዬ ውድቅ ሆነ። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ የሰዎችን የክፍያ ታሪክ ከሚሰበስብ አንድ ድርጅት በመጣ መረጃ ነው አሉኝ። የድርጅቱን ስም ሰምቼው እንኳ አላውቅም። እሱ ግን ስለ እኔ ፋይል ነበረው።

የምኖረው አውሮፓ ስለሆነ ሕጉ ከጎኔ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ብዙዎች ጂዲፒአር የሚሉት፣ ከሜይ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አንቀጽ 15 ድርጅቱ ስለ እኔ የያዘውን መረጃ ቅጂ እንዲሰጠኝ ያስገድዳል። ከየት እንዳገኘውና ለማን እንዳስተላለፈው ጭምር መንገር አለበት። ክፍያ የለውም። መልሱ በአንድ ወር ውስጥ መድረስ አለበት። ጉዳዩ ከተወሳሰበ ሁለት ወር ይጨመራል፤ ይህንንም ቢሆን በመጀመሪያው ወር ውስጥ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው።

ጥያቄውን መጻፍ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው።

ድርጅቱ ድረ ገጹ ላይ ፎርም አለው። ሞልቼ ላክሁ። «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሎ ጠፋ። ማረጋገጫ ኢሜይል አልመጣም። እኔም ስክሪኑን ፎቶ አላነሳሁም። ይህ ስህተት በኋላ ብዙ አስከፈለኝ።

ሦስት ሳምንት አልፎ ደብዳቤ መጣ። «ማንነትዎን ለማረጋገጥ የፓስፖርትዎን ሙሉ ቅጂ ይላኩ» ይላል። ደብዳቤው የደረሰኝ በቤቴ አድራሻ ነው። አድራሻዬን ያውቃሉ፣ የልደት ቀኔን ያውቃሉ፣ የድሮ አድራሻዬን ሳይቀር ያውቃሉ። ታዲያ ፓስፖርት ለምን አስፈለገ? ይህን ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ብድሩ አስቸኩሎኝ ስለነበር ፎቶዬን፣ ቁጥሩንና ፊርማዬን ሳልሸፍን ስካን አድርጌ ላክሁት።

ከዚያ አምስት ሳምንት ዝም አሉ። ስደውል የቀኑ ቆጠራ የጀመረው ፓስፖርቱ ከደረሰበት ዕለት ነው አሉኝ። ያነጋገረችኝ ሴት ትሁት ነበረች፤ ግን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ።

በመጨረሻ ፋይሉ መጣ። ከእኔ ጋር በስምና በአባት ስም የሚመሳሰል፣ የልደት ቀኑ ግን የተለየ ሰው ያልከፈለው ዕዳ በእኔ ስም ተመዝግቧል። ብድር ያስከለከለኝ ይሄ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ «የተያዙ ሰነዶች» በሚለው ሥር የራሴ ፓስፖርት ቅጂ ቁጭ ብሏል። ስለ እኔ የያዙትን ለማወቅ ብጠይቅ፣ ያልነበራቸውን ጨምሬላቸው ወጣሁ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ቀድሜ ማንበብ የነበረብኝን ያነበብሁት ከዚህ በኋላ ነው። አንቀጽ 12 ተጨማሪ የማንነት ማስረጃ የሚፈቅደው ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲኖር ብቻ ነው። የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ቦርድ መመሪያም የመታወቂያ ቅጂ መጠየቅ በአብዛኛው ተገቢ እንዳልሆነ ይናገራል። ካዩትም «መታወቂያው ታይቷል» ብሎ መመዝገብ ይበቃል፤ ቅጂውን ማስቀመጥ አያስፈልግም።

የመረጃ ጥበቃ ሕጉ መከበሩን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገባሁ። አስቀድመው ከድርጅቱ ጋር ለመስማማት ሞክረዋል ወይ አሉኝ። አራት ደብዳቤ አያያዝሁላቸው። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያቀረብሁበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቁኝ። እሱን ከየት ላምጣው? ፎርሙ ውጦት ቀርቷል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከድርጅቶቹ ምክር ይለያል። ፎርማቸውን ተዉት። ሕጉ በፎርም ብቻ ጠይቁ አይልም። የግላዊነት መግለጫቸው ላይ ወዳለው አድራሻ ኢሜይል ላኩ፤ ቀኑ በእጃችሁ ይቀራል። መታወቂያ ከጠየቁ፣ ጥርጣሬያቸው ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ጠይቁ። የግድ ከሆነ ፎቶውን፣ ቁጥሩንና ፊርማውን ሸፍኑ፤ በላዩም ላይ «ለዚህ ጥያቄ ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። ተቆጣጣሪዎች ከድርጅቱ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ ይላሉ። አንድ ደብዳቤ ይበቃል እላለሁ። ወሩ ካለፈ በማግስቱ አቤቱታ አስገቡ።

መረጃችሁን ለማን እንደሰጡ ስትጠይቁ «ለንግድ አጋሮች» የሚል መልስ አትቀበሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2023 ተቀባዮቹ እነማን እንደሆኑ ለይተው መንገር እንዳለባቸው ወስኗል። እኔ ይህን ጠቅሼ ስጽፍ ሰባት ስም መጣልኝ።

ዕዳው በአንቀጽ 16 መሠረት ታረመ። አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው የፈጀው። በአንቀጽ 19 መሠረት ደግሞ እርማቱን ለሰባቱም እንዲያሳውቁ ጠየቅሁ፤ አሳወቁ። ብድሩ የሚያስፈልገኝ ጊዜ ግን አልፎ ነበር።

ፓስፖርቱን ሰርዘናል የሚል ደብዳቤም ጻፉልኝ። አላመንኋቸውም። ፋይሌን እንደገና ጠየቅሁ፤ በዚህኛው ጊዜ በኢሜይል፣ ያለ ምንም መታወቂያ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣ። ፓስፖርቱ የለበትም። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም።