ሺንጁኩን ከኋላ መግባት

ሺንጁኩ ጣቢያ ከ200 በላይ መውጫ አለው። በተሳፋሪ ብዛት ከዓለም አንደኛ ነው፤ በተሳሳተ በር የወጣ ሰው ወደ ፈለገበት ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት አይገርምም። ስለዚህ ይህን የቶኪዮ ሰፈር በእግር ለማየት የምመርጠው ከዳር ጀምሬ ወደ ጣቢያው መመለስን ነው። በቀዩ የማሩኖውቺ ምድር ባቡር ከሺንጁኩ ሁለት ፌርማታ ርቆ፣ ሺንጁኩ ግዮኤንማኤ (ቁጥሩ ኤም10) ላይ መውረድ ነው።

ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ታይሶጂ ቤተ መቅደስ አለ። ከደጁ እንደገቡ በ1712 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ቁጭ ያለ የነሐስ ጂዞ (የመንገደኞች ጠባቂ የሚባል የቡድሂስቶች ቅዱስ ሐውልት) ይታያል፤ ወደ ኤዶ (የድሮዋ ቶኪዮ) በሚያስገቡ መንገዶች ላይ ከቆሙት ስድስቱ አንዱ ነው። ሰው ሁሉ የሚያልፈው ግን አጠገቡ ያለውን ጨለማ አዳራሽ ነው። በሽቦ መረቡ ሲያዩት ምንም የለም፤ ብዙው ጎብኚም እዚያው ይመለሳል። ማብሪያ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት መብራቱ ለአጭር ጊዜ በርቶ 5.5 ሜትር የሚረዝመው የሙታን ዳኛ የኤንማ ሐውልት አፍጥጦ ይታያል። ከጎኑ ያለችው አሮጊት በወንዝ ዳር የሙታንን ልብስ የምትገፍ ናት። መብራቱ ቶሎ ስለሚጠፋ ካሜራውን አዘጋጅቶ ቁልፉን መጫን ይሻላል።

ግቢው ውስጥ በጨው የተሸፈነ ሌላ ጂዞ አለ፤ ፊቱ እንኳ አይለይም። ልማዱ ከላዩ ትንሽ ጨው ወስዶ ስለት መሳል ነው፤ ስለቱ ሲሰምር እጥፉን ይመልሳሉ።

ግዮኤን መናፈሻ ቅርብ ነው፤ መግቢያው ለአዋቂ 500 የን። አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ ዝግ ነው፣ አልኮል አያስገባም፣ በብርዱ ወራት ደግሞ 16:30 ላይ ስለሚዘጋ ቤተ መቅደሱን ከማየት በፊት መግባት ያዋጣል።

ከታይሶጂ ወደ ሰሜን ምዕራብ አሥር ደቂቃ ያህል ሲሄዱ ሃናዞኖ የሺንቶ መቅደስ ይገኛል። ግቢው ውስጥ ባለችው ትንሽ የኢናሪ (የመከር አምላክ) መቅደስ ደጃፍ የተደረደሩት ቀይ በሮች ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ይበል። ከኋላ በኩል ያለው ደረጃ በቀጥታ ጎልደን ጋይ ያወርዳል፤ በስድስት ጠባብ መተላለፊያዎች 200 ያህል ትናንሽ መጠጥ ቤቶች ያሉበት ነው። ብዙዎቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ብቻ ስለሚይዙ አራት ሆኖ መሄድ ራስን መቸገር ነው። ቀን ዝግ ናቸው፤ ማታ ደግሞ ብዙዎቹ ከመጠጡ ሌላ በነፍስ ወከፍ የመቀመጫ ያስከፍላሉ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ሳያነቡ አይግቡ፤ ከሌለ ቆመው ይጠይቁ። ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳትም አይቻልም።

ከጎኑ ዛፍ የጋረደው ሺኪ ኖ ሚቺ የሚባል የእግር መንገድ አለ። ዙሪያው ያሉት ጎዳናዎች ቀጥ ብለው ሳለ እሱ ብቻ ቀስ እያለ ይጠማዘዛል፤ የድሮ ትራም ሐዲድ ስለነበረ ነው፣ ትራም ደግሞ በድንገት አይታጠፍም። ከዚያ ያሱኩኒ ጎዳናን ተሻግሮ ጣቢያው ይደረሳል። ሆቴልዎ በምዕራብ በኩል ከሆነ ቲኬት መቁረጥ አያስፈልግም፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሐዲዱ ሥር የሚያሻግር ነፃ መተላለፊያ አለ።