ስኳር ሲወርድ ለስላሳውን አትንጠቁን

ስኳር በሽታ ሲባል ሰዉ የሚያውቀው መጨመሩን ብቻ ነው። ሻይ ያለ ስኳር፣ ልደት ላይ "አንቺ ኬኩ ይቅርብሽ"። እኔ ዓይነት አንድ ነው ያለብኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስኳሩን የሚያወርደውን ኢንሱሊን እወጋለሁ፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጨመሩም ቀልድ አይደለም ግን ቢያንስ ጊዜ ይሰጣል፣ መውረዱ ደቂቃ አይሰጥም።

መጀመሪያ ላብ ነው። ብርድ ላይ ቆሜ ጀርባዬ ይረጥባል፣ ጣቴ ተንቀጥቅጦ የስልኬን ፓተርን መሳል ያቅተኛል፣ ከዛ ነጭናጫ እሆንና ታክሲ ውስጥ ከረዳቱ ጋር በሃምሳ ሳንቲም እጨቃጨቃለሁ። (ቤት ውስጥ በተናደድኩ ቁጥር "ስኳርሽን ተለኪ" የምትሉኝ ግን ተዉኝ፣ አንዳንዴ በእውነት አናዳችሁኝ ነው።)

እዚህ ሀገር ብዙዎቻችን የምንወጋው ደፍረስ ያለውን ኤንፒኤች (ቀስ ብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን) ወይ እሱ ከፈጣኑ ጋር የተደባለቀውን ነው፣ ጠዋት የተወጋው ጉልበቱ የሚመጣው ከተወጋሽ አራት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ጀምሮ ስለሆነ ክላስ ረዘመ ሰልፍ አለ ብለሽ ምሳ ካሳለፍሽ እሱ አይጠብቅሽም። ኳስ የሚጫወቱት ደግሞ ሜዳ ላይ ደህና ሆነው ሌሊት ተኝተው ሊወርድባቸው ይችላል፣ ጡንቻው ያጣውን ስኳር ከደም እየሳበ ስለሚተካ።

አንዴ ካምፓስ ካፌ ውስጥ ወረደብኝና ሚሪንዳ ሳነሳ የዶርም ጓደኛዬ "ስኳር አለብሽ እኮ!" ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ፣ እኔ ምላሴ ተሳስሮ ማስረዳት አቃተኝ፣ አንዱ ጠበል ይላል አንዱ ውሃ ይላል። ያተረፈችኝ ካሸሯ ነች፣ እናቷ ስኳር ስላለባቸው ታውቀዋለች፣ ምንም ሳትጠይቅ የስኳር ዕቃውን ይዛ መጣች።

የደም ስኳር መለኪያው (በmg/dL) ከ70 በታች ካሳየ ወርዷል፣ ከ54 በታች አደገኛ ነው። ስትሪፕ፣ ማለትም ደም ጠብ የሚደረግበት የመለኪያው ወረቀት ከሌለ (ዋጋውን እናውቀዋለን) ምልክቱ ከተሰማሽ ሳትለኪ ውሰጂ፦ 15 ግራም፣ ማለትም ሶስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ፣ ወይ ግማሽ ብርጭቆ ኮካ፣ ዜሮ የሚለው አይደለም ደሞ! 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፣ ካልወጣ መድገም፣ ሲወጣ ዳቦ ምናምን መብላት። ቸኮሌት ቅባቱ ስለሚያዘገየው ለዚህ አይሆንም።

አንዳንድ ልጆች ሰው ፊት እንዳይወርድባቸው ፈርተው መርፌውን ይቀንሳሉ፣ ይገባኛል፣ ግን ያ ስኳሩን ከፍ አድርጎ ያቆየውና ኩላሊትና ዓይን ላይ ነው የሚመጣው። ቶሎ ቶሎ ሲወርድ ደግሞ ሰውነት ይለምደውና ላቡም መንቀጥቀጡም ይጠፋል፣ ሳታውቂው ትወድቂያለሽ፣ እንደዛ ከጀመረሽ ለሐኪምሽ ንገሪና መጠኑ ይስተካከል።

ራሱን የሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኙትና ወደ ሐኪም ቤት አሩጡት፣ እዛ ግሉኮስ በደም ስር ይሰጡታል። ግሉካጎን የሚባል የወረደ ስኳር የሚያወጣ መርፌም አለ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሊወጋው የሚችል፣ እዚህ ግን ፋርማሲ ገብቶ ማግኘት ከባድ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሽቶውን ትቶ እሱን ያምጣ፣ ሐኪማችሁ ካዘዘላችሁ።