ካርዱ ላይ የወንድ ስም ነበር

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተመደበችልን ልጅ አንድ ሽማግሌን «ታዲያ ሚስጥር ቁጥርዎን ማን ንገሩ አለዎት?» ስትላቸው ሰማሁ። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። ደክሟት ነው። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ሄድኩና ካርዳቸውን በእሷ ኮምፒውተር ላይ ራሴ ዘጋሁት። ሰላም ያልኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቷ ቅር ሳይላት አልቀረም። ያን ቀን ለማስረዳት ጊዜ ስላልነበረኝ ምክንያቱን እዚህ ልጻፈው።

የምሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ባንኮች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ካርድ የማስረክበው እኔ ነኝ። ሂሳብ የከፈተ ሁሉ ካርድ ይዞ እንዲወጣ ይፈለጋል። በየወሩ የምናድለው የካርድ ብዛት በእቅድ ተይዟል፤ ያላሟላ ሰው በስብሰባ ላይ ስሙ ይነሣል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ገበያ ስለሆነ ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል፤ ሥራ አስኪያጁም እየወጣ «ካርድ ያላቸውን ወደ ማሽኑ ላኩ» ይለናል።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት እናት ከኩታበር መጥተው ከወለድ ነፃ ሂሳብ ከፈቱ። ልጃቸው ጅዳ ናት፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እሳቸው ስማቸውን በአማርኛ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ያለፈ ንባብ የላቸውም። ስልክም አልነበራቸውም። ስለዚህ መልእክት መቀበያ ብዬ የመዘገብኩት ኮምቦልቻ የሚኖረውን የእህታቸውን ልጅ ቁጥር ነው። ቅጹ ላይ ባዶ መተው ስለማይቻል። ካርዱ ሲደርስ አስረከብኳቸውና «ከእንግዲህ ሰልፍ አያስፈልግዎትም እናቴ። ውጭ ማሽኑ አለ። ካልቻሉ እዚያ ያለ ሰው ያግዝዎታል» አልኳቸው። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። መረቁኝና ካርዱን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ሄዱ።

ከወራት በኋላ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ተመልሰው መጡ። ጭጋጉ ገና ከጦሳ ተራራ አልተነሣም ነበር፤ ነጠላቸው እርጥብ ነው። ማሽኑ ካርዳቸውን ውጦባቸዋል። ካርድ መዋጥ ለእኛ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ማሽኑ የሚከፈተው በሁለት ሰው ነው፤ አንደኛው ባልደረባችን ካዝና ውስጥ ገንዘብ እየተረከበ ስለነበር እስኪወጣ መጠበቅ ነበረብን። ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ገንዘቡስ ደህና ነው?» አሉኝ።

«አብሽሩ እናቴ፣ የተዋጠ ካርድ የትም አይሄድም» አልኳቸው።

ሂሳባቸውን ከፍቼ አላየሁም። ደብተራቸው እጃቸው ላይ ነው፣ ቁጥሩን ብጽፈው ሁሉም ይታየኝ ነበር። ግን ካርዱ ይውጣና እሱን አይቼ እሠራለሁ ብዬ ሌላ ደንበኛ ጠራሁ።

ካርዱ የወጣው 3 ሰዓት ከ35 ላይ ነው። የእኛው ባንክ ካርድ ነው። ቀለሙም ቅርጹም ያው። አንዱ ጥግ ጠረጴዛ ላይ እንደተፋቀ ነገር ተጫጭሯል። አገላብጬ ስሙን አነበብኩት። የወንድ ስም ነው። ለካ ማሽኑ የዋጠው ጠፍቷል ተብሎ የታገደ ካርድ ስለሆነ ነው። እጄ ቀዘቀዘ። ደብተራቸውን ተቀብዬ ሂሳቡን ከፈትኩ።

ሰኞ ጠዋት 58,000 ብር ነበራቸው። ሰኞ ረፋድ 1,000 ወጥቷል፤ እሱን ራሳቸው ናቸው ያወጡት። ከ20 ደቂቃ በኋላ 9,000። ከዚያ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ አሥር አሥር ሺህ። ሰዓቱን ሳየው ሦስቱም ከእኩለ ሌሊት በኋላ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ነው። የኛን ሥራ የሚያውቅ ይገባዋል። ያኔ የኤቲኤም የቀኑ ገደብ 10,000 ነበር፤ ሲስተሙ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሌባው ገደቡ እስኪታደስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። የወጣባቸው ማሽኖች ደግሞ ኮምቦልቻ ያሉ የሌላ ባንክ ማሽኖች ናቸው። የባንኮችን ማሽኖች እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ይሠራል፤ ለደንበኛ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ለሌባውም የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ማንም በማያውቀው ከተማ ማውጣት አስቻለው።

የመጨረሻው መስመር ግን የዚያን ቀን ነው። 11,400 ብር፣ ሱቅ ውስጥ በካርድ በሚከፈልበት በፖስ ማሽን፣ የተገዛ ዕቃ። ሰዓቱ 3 ከ21። የፖስ ገደብ ከኤቲኤሙ ለብቻ ስለሆነ የሌሊቱ 10,000 አልከለከለውም። 3 ከ21 ላይ እሳቸው ከፊቴ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠው ነበር። «አብሽሩ» ብያቸው ነበር።

ካርዱን ዘጋሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ያኔ ነው ያንን ጥያቄ የጠየቅኳቸው። «ሚስጥር ቁጥርዎን ለማን ነገሩ?» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ለልጁ ነዋ» አሉኝ። «ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቴ ልርዳዎት አለኝ። ቁጥሩን ነገርኩት፣ ብሩን አውጥቶ ቆጥሮ ሰጠኝ። አንድም አልጎደለም እኮ።»

በኋላ ካሜራውን ከጥበቃ ኃላፊው ጋር አየነው። ልጁ ኮፍያና ማስክ አድርጓል፣ ፊቱ አይታይም። የሚታየው እጁ ነው። ካርዱ ከማሽኑ ሲወጣ በቀኙ ይቀበላል፣ ብሩን በግራው ያቀብላቸዋል፣ እሳቸው ብሩን ሲያዩ ቀኝ እጁ አንዴ ኪሱ ገባ ብሎ ይወጣል። ይኸው ነው። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። የሰጣቸውን ካርድ አመስግነው ቋጠሩት። ካርዱ ላይ ስሙ ላለው ሰውም ደወልኩ። ባጃጅ ነጂ ነው። እሱም በዚሁ ዘዴ ተቀይሮበት፣ የሌላ ሰው ካርድ ተሰጥቶት ነበር። አንዱ የተሰረቀ ካርድ ለሚቀጥለው ሰው ማታለያ ይሆናል። ነጂው ግን ወዲያው ስሙን አነበበና እዚያው ቆሞ ደውሎ አዘጋው። 4,000 ብር ብቻ ነው የሄደበት። ማንበብ መቻሉና ስልክ መያዙ ነው ያዳነው። ሌባው ባወጣ ቁጥር ወደ ኮምቦልቻው ቁጥር የሄዱት አምስት መልእክቶች ግን ማንም ሳያያቸው ቀርተዋል። የእህታቸው ልጅ ሲም ከቀየረ ቆይቷል።

ፖሊስ ጋ አመለከቱ። የኮምቦልቻዎቹን ማሽኖች ካሜራ ለማግኘት ደብዳቤ ከባንክ ባንክ ሄደ፣ ጊዜ ወሰደ፣ ያው ኮፍያ ነው የተገኘው። ከዚያ የእኛ ባንክ መልስ መጣ። ማንበብና ማስፈረም የእኔ ሥራ ነው። «ደንበኛዋ የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሦስተኛ ወገን አሳልፈው የሰጡ በመሆኑ ባንኩ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊነት አይወስድም» ይላል። በሕጉ ስህተት የለበትም። ካርድ ስትወስዱ የምትፈርሙት ወረቀት ላይም ይኸው ተጽፏል።

ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ስጨርስ ትንሽ ዝም አሉ።

«ልክ ነው ልጄ። ነግሬዋለሁ፣ አልክድም» አሉ። «አንቺ ያልሽኝስ የት ላይ ነው የተጻፈው?»

«ምን ያልኩዎት እናቴ?»

«ካልቻሉ እዚያ ያለ ሰው ያግዝዎታል ያልሽኝ።»

ክስ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የእውነት ነው የጠየቁኝ፤ ወረቀቱ ሁሉን ነገር የሚይዝ ስለመሰላቸው የእኔም ቃል ውስጡ እንዳለና ሳላነበው የዘለልኩት መስሏቸው ነው። ወረቀቱን እንደገና አየሁት። የለም ማለት አቃተኝ። በኋላ ለኃላፊዬ ነግሬ፣ «ይህ ነገር ይጨመርበትና ጉዳዩ እንደገና ይታይ» አልኩ። «የቃል ንግግር ማስረጃ አይሆንም፣ ራስሽንም ችግር ውስጥ አትክተቺ» ተባልኩ። ማስታወሻ ጽፌ ወደ ላይ ላክሁ። እስካሁን መልስ የለም። በዚያ ወር የካርድ እቅዳችንን አሟልተን ነበር።

ስለ ካርድ ማጭበርበር ሥልጠና ሲሰጠን ብዙው ጊዜ የሚያልፈው በስኪመር ነው። ማሽኑ አፍ ላይ ተለጥፎ ካርድ የሚቀዳ መሣሪያ ነው። የሚቀዳው ካርዱ ጀርባ ላይ ያለችውን ጥቁር መስመር ነው፤ እሷ ሁሌም አንድ ዓይነት መረጃ ነው የምትሰጠው። ካርዱ ፊት ላይ ያለው ቺፕ ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም ኮድ ስለሚያወጣ እንደዚያ አይቀዳም። የካርድ ማስገቢያውን ነካ አድርጎ ላላ ካለ ማሽኑን መተው ጥሩ ነው፣ ቁጥር ስትነኩ በእጅ ወይም በነጠላ መሸፈንም እንዲሁ። እኔ ፊት ግን በስኪመር ተዘርፌያለሁ ብሎ የመጣ ሰው የለም። የሚመጡት ካርዳቸው የተቀየረባቸው ናቸው። ወይም «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ተብለው ስልካቸው ላይ በመልእክት የደረሰውን የማረጋገጫ ቁጥር ለደዋዩ ያነበቡ። ባንክ ያንን ቁጥር ደውሎ አይጠይቅም። እኛ ራሳችን ካውንተር ላይ ሆነንም አንጠይቅም። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የያዘ ደግሞ የፊቱን 16 ቁጥርና የጀርባውን 3 ቁጥር ፎቶ አንስቶ ለማንም አይላክ፤ ኢንተርኔት ላይ ለመግዛት ብዙ ጊዜ ሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም።

አሁን ካርድ ሳስረክብ ማንበብ ለማይችል ሰው ጥግ ላይ፣ ቺፑንም ጥቁሯን መስመርም ሳልነካ፣ በጥፍር ቀለም ምልክት አደርጋለሁ። ቀይ ነጥብ። «ከማሽኑ ሲወጣ ይቺን ይዩ፣ ከሌለች ካርዱ የእርስዎ አይደለም» እላለሁ። ቀለሙን የምገዛው በራሴ ነው። የባንኩን የስልክ ቁጥር ስልካቸው ላይ እዚያው አስመዘግባለሁ፤ ካርዱ ጀርባ ላይ አለ እንላለን፣ ካርዱ ከተወሰደ በኋላ ግን ጀርባው ከየት ይገኛል? የሰው ስልክ ቁጥር አልመዘግብም። ማሽን መጠቀም የማይፈልግን ሰው አላስገድድም፣ ሰልፉ በር ቢደርስም። ካርድ ተዋጠብኝ ያለ ሰው ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ካርዱን እዘጋለሁ፣ መታወቂያና ቅጽ በኋላ ይደርሳል። አላግባብ የተዘጋ ካርድ በደቂቃ ይከፈታል። አንዱ ደንበኛ በዚህ ተቆጥቶ ከሶኝ ያውቃል፤ ተጠይቄበታለሁ፣ ነገም እዘጋለሁ።

እኚያ እናት ከደብዳቤው በኋላ አንድ ጊዜ መጡ። የቀረችውን 6,600 አውጥተው ሂሳቡን ሊዘጉ። ልጃቸው ከጅዳ ደውላ በሌላ መንገድ እልካለሁ ብላቸዋለች። ሌላ መስኮት ባዶ ነበር፣ እሳቸው ግን ወደ እኔ መጡ። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ቆጠሩት፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ነጠላቸውን ዘርግተው ጫፉ ላይ አስቀመጡትና ሦስቴ ቋጠሩት። «አላህ ይስጥሽ ልጄ» ብለውኝ ወጡ።