ነጋ ወይ፣ ልጄ?

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገን ሰው ስለ ብርድ ልምከርህ ቢሉት ይስቃል። እኔም በኮሎራዶዋ ኦሮራ ከተማ ለዓመታት የናፍጣ ሞተር ስጠግን ከቆየሁ በኋላ፣ በደቡብ ዋልታ ላለው የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ የሚከርም መካኒክ እንደሚፈለግ ስሰማ፣ የዘመዶቼን ተግሣጽ ከቁም ነገር ሳልቆጥር ያመለከትኩት በዚሁ ትምክህት ነበር። ጣቢያው ያረፈበት የበረዶ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 2,835 ሜትር መሆኑን ሳነብማ፣ ከደብረ ብርሃን ከፍታ ጋር እኩል ነው ሊባል ስለሚችል፣ አገሬ የምገባ ያህል ተሰማኝ።

ብርዱ እንደ ፉከራዬ አልሆነም። ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ የተለመደ ሲሆን፣ አንዳንድ ቀን ከ70ም በታች ይወርዳል፤ የጎማ ቱቦ እንደ ደረቀ እንጀራ ይሰበራል፣ ሽፋሽፍት ከሽፋሽፍት ይጣበቃል። ያም ሆኖ ብርድ የሚለበስለት ልብስና የሚሸሹበት ቤት ስላለው ውሎ አድሮ ይለመዳል። እኔ ልለምደው ያልቻልኩት ንጋት ማጣትን ነው።

በየካቲት 2009 ዓ.ም. የመጨረሻው አውሮፕላን በበረዶ ሸርተቴው ተንደርድሮ ሲነሣ፣ ከ40 የምንበልጥ ሰዎች እስከ ጥቅምት ማለቂያ ድረስ ሌላ እንደማይመጣ እያወቅን እጃችንን አውለበለብን። ከዚያ በኋላ የሚወጣ ቢኖር በጠና የታመመ ብቻ ነው፤ ከእኛ በፊት በነበረው ክረምት፣ በሰኔ 2008 ዓ.ም.፣ ሁለት የታመሙ ሠራተኞችን ለማውጣት ከካናዳ ትንንሽ አውሮፕላኖች ተልከው አንደኛው በዚያ ጨለማ ማረፍ ግድ ሆኖበታል። አውሮፕላናችን ከሄደ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐቢይ ጾም ገባ። ፀሐይዋ እንደ አገራችን ወጥታ የምትጠልቅ ሳትሆን፣ እንደ አውድማ በሬ አድማሱን እየዞረች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ዝቅ ትል ነበርና፣ በመጋቢት 12 ገደማ፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ ጠልቃ ቀረች። ድንግዝግዙ ለሳምንታት ቆየ፤ በግንቦት ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ቴሌስኮፖቹን ብርሃን እንዳይረብሻቸው የጣቢያው መስኮቶች በካርቶን ስለሚሸፈኑ፣ ውጭ የሚወጣም ሰው ቀይ ባትሪ ብቻ ስለሚይዝ፣ ጨለማው ከቤትም ከደጅም ያው ነው።

የእኛ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ነው። ኬንትሮሶች ሁሉ በአንድ ነጥብ በሚገናኙበት በዋልታው ላይ ግን የፈለጉትን አገር ሰዓት መምረጥ ይቻላል፤ ጣቢያው ሰውም ስንቅም የሚመጣለት ከክራይስትቸርች ስለሆነ የኒውዚላንድን ሰዓት ይከተላል። እኔ በግራ እጄ የጣቢያውን፣ በቀኝ እጄ የደብረ ብርሃንን ሰዓት አሰርኩና፣ እስከ ትንሣኤ ድረስ የጾም መፍቻዬን ዘጠኝ ሰዓት በቀኝ እጄ ቆጠርኩ። ሥራ ባልደረቦቼ ሌሊት ላይ ምሳ የሚበላ ሰው ብለው ሲስቁብኝ ከረሙ።

ሥራዬ ከበረዶው ወለል በታች፣ በብረት ቅስት ውስጥ ባለው ኃይል ማመንጫ ነበር። ወደዚያ የሚያወርደውን ክብ የደረጃ ግንብ ሠራተኛው «የቢራ ጣሳ» ይለዋል። ሞተሩ መብራት ብቻ ሳይሆን ውኃም ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ሙቀት ከሥር ያለውን ጥልቅ በረዶ እያቀለጠ ስለሚያጠጣን፣ ገላችንን የምንታጠበው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ደጅ ቆሞ የነበረ የበረዶ ዶዘር ብሎን አልያዝ ቢለኝ ጓንቴን አውልቄ በጣቴ ልጀምርለት ሞከርኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ የሌባ ጣቴ ጫፍ እንደ ሻማ ነጥቶ ደነዘዘ፣ ቆዳውም ከሳምንታት በኋላ ተላጠ፤ እስከ ዛሬ ትኩስ ስኒ ስይዝበት አይሰማኝም። ስኒ ካነሣሁ፣ ቡና አፍልቻለሁ፤ ዕጣን ግን አላጨስኩም። እዚያ ከብርዱ ይልቅ የሚፈራው እሳት ስለሆነ፣ ለአንዲት ጉርሻ ዕጣን ጣቢያውን በሙሉ በማስጠንቀቂያ ደወል መቀስቀስ አላሻኝም።

ስልክ ይሠራ የነበረው ሳተላይቶቹ ከአድማስ በላይ በሚሆኑባቸው ጥቂት ሰዓታት ነበር። መውጫቸው በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል፣ በወር 2 ሰዓት እየቀደመ ስለሚሄድ፣ እናቴን አንድ ወር ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ሌላ ወር ከእንቅልፏ እየቀሰቀስኩ አነጋግራት ነበር። በምስል መነጋገር የማይሞከር ስለነበር ድምፅ ብቻ ነበር። ስታነሣው ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው።

«ነጋ ወይ፣ ልጄ?»

«አልነጋም፣ እማዬ።»

«ኧረ በስመ አብ! አሁንም?»

አንድ ቀን ሳቋን እያፈነች፣ ጎረቤታችን «ልጅሽ ታስሮ ይሆናል እንጂ፣ ስድስት ወር የማይነጋበት፣ ሰውም መውጣት የማይችልበት አገር የት አለ?» እንዳለቻት ነገረችኝ። ጎረቤታችን እጅግም አልተሳሳተችም።

ከእናቴ ቀጥሎ ስልኩን የሚቀበለው አጎቴ ነበር። ደብረ ብርሃን በነበረው ጋራዥ የሞተርን ሕመም በጆሮ መለየት ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ፣ «እስቲ ሞተርህን አሰማኝ» ይለኛል። አንድ ቀን ድምፁን ቀድቼ አሰማሁት። በዚያ በሚቆራረጥ መስመር አዳምጦ «ይህ ጤነኛ ነው፣ አንተ ግን ጉንፋን ይዞሃል» አለኝ፤ እውነቱን ነበር። በነሐሴ ስጠይቅ እናቴ ለፍልሰታ ሱባዔ ገብቷል አለችኝ። ከዚያም ጆሮው ትንሽ አስቸግሮት በስልክ አይሰማም አለችኝ። አመንኳት።

የዋልታው ክረምት ከእኛው ክረምት ጋር መግጠሙ ደግ ነገር ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት አንዱ የአድማስ ጠርዝ ቀልቶ ነበር፤ በመስከረም 12 ገደማ የፀሐይዋ ግንባር ብቅ አለ። «መስከረም ጠባ» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬ፣ መጥባቱን በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ካርቶኑን ከመመገቢያ አዳራሹ መስኮት ስንገነጥል ሰው ሁሉ ዝም አለ። በዚያው ቀን ደወልኩ።

«ነጋ ወይ፣ ልጄ?»

«ነጋ፣ እማዬ!»

እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እሰይ፣ እንግዲህ ቶሎ ቤትህ ግባ» ብላ ዘጋችው። ሳተላይቱ የጠለቀ መስሎኝ ነበር።

ኦሮራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በሬ ተንኳኳ። የአክስቴ ልጅ፣ ከዕድራችን ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የአገሬ ሰው ስለሌለ፣ ማንነቱን ብቻ ጠየቅኩ። አጎቴ ያረፈው ሐምሌ 19፣ በገብርኤል ዕለት ነበር። እናቴ «በጨለማ አገር፣ መውጫ በሌለበት፣ አንድም የሚያለቅስለት ዘመድ ሳይኖረው እንዳትነግሩት» ብላ ሁሉንም በገብርኤል ስም አስምላቸው ነበር።

ከሐምሌ 19 ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ስሰናበት «ጋሼን ሳሚልኝ» እላት ነበር። እሷም ጥቁር ለብሳ፣ እየደጋገመች «እስመዋለሁ፣ ልጄ» ስትለኝ ከርማለች።