ጣሪያችን ላይ ያለው መባ

በቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ላይ ሶላር እንስቀል ወይ ብለን በተሰበሰብንበት ጉባኤ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ስለ ገንዘብ አልነበረም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሌሊቱን በማኅሌት የሚያነጉ አንድ አባት እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ ማኅሌቱ የሚቆመው ሌሊት ነው፣ ኪዳኑም የሚደርሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። ፀሐይዋ ብቅ ስትል እኛ ብዙውን ጨርሰናል። ታዲያ ይህ የምትሉት ሶላር ለማን ነው የሚያበራው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በሰማኋቸው ውይይቶች ሁሉ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላጋጠመኝም። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሶላር የሰቀልኩት ግን ቀን ቀን ሰው ለሚገባ ለሚወጣባቸው ሱቆችና ቢሮዎች ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሥራዋ እንደ ሱቅ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሕንፃው ውስጥ የሚሠሩት ፍሪጆቹና ጥቂት አምፖሎች ብቻ ናቸው። ቅዳሜ ማታ መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ማጉያው ይከፈታል፣ ቤተልሔም ውስጥ ሥራ ይጀመራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሰዉ ወደ አዳራሹ ሲወርድ ምጣዱ፣ የቡናው ምድጃ፣ በበጋ ደግሞ ማቀዝቀዣው በአንድ ጊዜ ይነሣሉ። ፀሐይዋ ሳምንቱን ሙሉ ትሰጣለች፣ እኛ የምንፈልገው በአንድ ሌሊትና በአንድ ቀን ነው።

መልሱ ያለው ቆጣሪው ላይ ነው። ሰኞ ጣሪያችን ያመነጨው ኃይል በመስመሩ ወጥቶ ጎረቤቶቻችን ቤት ይገባል፣ ቆጣሪው ያንን ይመዘግብልናል፣ ቅዳሜ ሌሊት ስንፈልግ ከዚያው መስመር መልሰን እንወስዳለን። ሜሪላንድ ውስጥ ኔት ሜተሪንግ የሚባለው ይህ ነው፤ የሐምሌው ትርፍ ቀኑ ለሚያጥርበት ለኅዳርና ለታኅሣሥ ይተርፋል። ይህንን ስነግራቸው አባታችን ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ጎተራ ነው» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በደብራችን ሁሉም ሰው «ጎተራው» ነው የሚለው።

ከዚያ የመጣው የውል ጉዳይ ነበር። አንድ ኩባንያ «ሁሉም በነፃ» የሚል ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። ፓነሉን እነሱ ይሰቅላሉ፣ ባለቤቶቹም እነሱ ናቸው፣ እኛ ደግሞ ከጣሪያችን የሚወጣውን ኃይል ከእነሱ እየገዛን ለ25 ዓመት እንከፍላለን። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ደስ ይላል። ውስጡ ሲነበብ ግን ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል፣ ጣሪያ መጠገን ካስፈለገ ማንሻውና መመለሻው በእኛ ነው፣ ሕንፃውን መሸጥ ብንፈልግ ውሉን ገዢው መቀበል አለበት። አቅም የሌለው ደብር እንዲህ ያለ ውል ቢገባ አልፈርድበትም፣ በደንብ የተዋዋሉም አሉ። ለእኛ ግን ሕንፃው ስንት ሰው የፓርኪንግና የታክሲ ደመወዙን ቆጥቦ የገዛው ስለሆነ፣ በላዩ የሌላ ሰው ንብረት ሩብ ምዕተ ዓመት እንዲቀመጥ አልፈለግንም።

ራሳችን እንድንገዛ የረዳን ሕጉ ነው፤ ብዙ ደብሮች ስለማያውቁት ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሶላር ለሚተክል ሰው የወጪውን 30 በመቶ ከግብሩ ይቀንስለት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግብር አትከፍልም፤ የማትከፍለው ግብር ደግሞ አይቀነስላትም። ስለዚህ ጥቅሙ ለእኛ ዝግ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የወጣው ሕግ ይህንን ለወጠው፤ ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች፣ አብያተ ክርስቲያናት ጭምር፣ 30 በመቶውን በጥሬ ገንዘብ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ እንዲቀበሉ ፈቀደ። መንገዱ ግን ቅደም ተከተል አለው። ሥራው ተጠናቅቆ ኃይል መስጠት ከጀመረ በኋላ በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቦ የምዝገባ ቁጥር ማግኘት ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 990-ቲ የሚባለው ቅጽ ይሞላል፤ ሒሳቧን በጃንዋሪ ለምትጀምር ቤተ ክርስቲያን ቀነ ገደቡ ሜይ 15 ነው። ብዙዎቻችን ለአይአርኤስ ቅጽ ሞልተን ስለማናውቅ ይህ ቀን ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ሒሳብ አዋቂ ቅጠሩ፤ በዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም።

ገንዘቡ የሚመጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፣ ፓነል የሚሰቅለው ደግሞ ዛሬ ይከፈለኝ ይላል። እዚህ ላይ ነው ጉባኤያችን የሚያኮራኝን ሥራ የሠራው።

ጠቅላላ ዋጋው 66,000 ዶላር ሆነ። 60 ፓነል፣ እያንዳንዱ 400 ዋት፣ ከነመስቀያውና ከነሥራው 1,100 ዶላር ማለት ነው። ገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ጻፈችው፤ የ18ቱ ፓነል ዋጋ ከመንግሥት የሚመለሰው 30 በመቶ ነው፣ የ42ቱ ከእኛ ይጠበቃል። ከዚያም የጣሪያውን ሥዕል በትልቅ ወረቀት ሠርታ 42 ሳጥን አሰመረችበትና ከአዳራሹ በር ጎን ለጠፈችው። «ቤተ ክርስቲያን ባዶ እጅ አይመጣም። ጧፍ ታመጣላችሁ፣ ዕጣን ታመጣላችሁ፣ ለመገበሪያው ስንዴና ዘቢብ ታመጣላችሁ። ስለት የደረሰለት ጃንጥላ ወይም ምንጣፍ ያስገባል። ዘንድሮ ደግሞ መብራት የሚሳል ይሳል» አለች። ሌላ ንግግር አላስፈለገም።

ሰዉ ሳጥኑ ላይ የጻፈው ስመ ክርስትናውን ነው። ማን ስንት እንደሰጠ ያላወቅነው በዚህ ነው፣ ደግሞም አላስፈለገንም። ጽዋ ማኅበራቱ ተሰባስበው አንዳንድ ሳጥን ወሰዱ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች የጾም ምግብ እየሸጡ አንዱን ሞሉ። አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከበች የምትተዳደር አንዲት እህት በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈለች አንዱን ብቻዋን ጨረሰች፤ በሳጥኑ ላይ የጻፈችው የራሷን ሳይሆን አገር ቤት ያረፉትን የአባቷን ስመ ክርስትና ነው። ተዝካራቸውን ስታስብ የቆየችበት ገንዘብ ነበር። ከመንግሥት እስኪመለስ የ18ቱን ፓነል ዋጋ ደግሞ አቅም ያላቸው ምእመናን ያለ ወለድ አበደሩን። ባንክ አልሄድንም።

ወደ ጣሪያው ልመለስ፣ ምክንያቱም እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ክፍል ነው። መቅደሳችን በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ሕንፃው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ረዘም ብሎ ተዘርግቷል። አባቶች ይህንን ሕንፃ ከብዙ አማራጭ የመረጡት ለዚሁ ነበር። እንዲህ የተዘረጋ ሕንፃ ጣሪያው አንዱ ወገን ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ሜሪላንድ ደግሞ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 39 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል ናት። ለጸሎት ወደ ምሥራቅ የተሠራ ቤት ለሶላርም ወደ ደቡብ የተዘጋጀ ሆኖ ይገኛል። ይህንን መጀመሪያ በኮምፓስ ስለካ ደስታዬን ለመናገር መሪጌታችንን ፍለጋ ሄድኩ።

ግን ሁሉንም ጣሪያ አልሸፈንነውም። ከመቅደሱ በላይ ያለው ክፍል ባዶ ይሁን፣ ሠራተኛም ከታቦቱ በላይ አይቁም ብለው ካህናቱ ወሰኑ። አሥር ያህል ፓነል የሚይዝ ቦታ ነበር። እነዚያን ወደ አዳራሹ ጣሪያ ወሰድናቸው፤ እዚያ አቅጣጫው ወደ ምዕራብ ዘንበል ስለሚል ትንሽ ያንሳል። ያንን ልዩነት በደስታ ተቀብያለሁ። ሌላው የጉልላቱና የመስቀሉ ጥላ ነው። በአንድ መስመር የተያያዙ ፓነሎች አንዱ ላይ ጥላ ቢያርፍ ሌሎቹንም ይጎትታል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፓነል የራሱን ማይክሮ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ለቤት መስመር ወደሚሆን ኃይል የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ) አደረግንለት። የመስቀሉ ጥላ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚቀንሰው ያረፈበት ብቻ ነው።

የጣሪያው ልባስ ራሱ ደግሞ አርጅቶ ነበር። ፓነል 25 ዓመት ይቆያል፣ ከሥሩ ያለው ልባስ አምስት ዓመት የማይሞላው ከሆነ ሁሉንም አውርዶ መልሶ መስቀል ይመጣል። መጀመሪያ ጣሪያውን ከሕንፃ ማሠሪያው ገንዘብ በ2024 ጸደይ አደስነው፣ መሐንዲስም ወራጆቹ ክብደቱን እንደሚችሉ አረጋገጠ። ሰቃዮቹ በነሐሴ መጀመሪያ እንምጣ ሲሉ ጾመ ፍልሰታ ነበር፤ በየቀኑ ቅዳሴ አለ። ሁለት ሳምንት ጠብቁን አልናቸው፣ ጠበቁን። የካውንቲው ተቆጣጣሪ አይቶ፣ የመብራት ኩባንያውም ቆጣሪውን ለውጦ ማብሪያውን ያነሣነው በጥቅምት ነው።

አሁን ጣሪያው በዓመት ወደ 28,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ከአይአርኤስ የሚጠበቀው 19,800 ዶላር በ2025 መጸው ደረሰ፣ ያበደሩን ሁሉ ተከፈሉ። ሒሳቡን ስንሠራ ያላሰብነው ነገር ደግሞ ደረሰ። የ13 ግዛቶችንና የዲሲን የኤሌክትሪክ መረብ የሚያስተዳድረው ፒጄኤም ለመጠባበቂያ ኃይል በሚያወጣው ጨረታ ዋጋው በሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ዘለለ። ሰሜን ቨርጂኒያ ላይ እየበዙ የሄዱት የዳታ ማዕከላት ከምክንያቶቹ አንዱ ናቸው። ከሰኔ 2025 ጀምሮ የሁላችንም የቤት ቢል ላይ የታየው ያ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ቢል ግን ከቀድሞው ያነሰ ሆኖ ቀረ፤ በተረፈው ለልጆቹ የአማርኛና የግእዝ መምህር ቀጥረናል።

ይህን የምጽፈው በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ነው፣ የምጽፈውም ጊዜው ስለሚያጥር ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ 30 በመቶውን እየዘጋው ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ጁላይ 4 ቀን 2026 ግንባታ ያልጀመረ፣ በ2027 መጨረሻ ኃይል መስጠት ካልጀመረ አያገኝም። ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ለሚጀምሩት ደግሞ ዕቃው ከየት አገር እንደመጣ የሚጠይቅ ደንብ ተጨምሯል፤ ሰቃዩን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁት። በደብራችሁ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ካላችሁ የ12 ወር ቢል ሰብስቡ፣ የጣሪያውን ዕድሜ እወቁ፣ ከፋሲካ በፊት አጀንዳ አስይዙ።

ለእኛ የቀረው ውይይት ሌላ ነው። ጣሪያው ባመነጨ ቁጥር ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት አንድ ምስክር ወረቀት እናገኛለን፣ የመብራት ድርጅቶች ከእኛ ይገዙታል። ከዚያ ገቢ ለአገር ቤት የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሶላር እንላክ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ ደጋፊ ነኝ፣ ግን ፓነል ብቻ መላክን እቃወማለሁ። መንዝ ውስጥ ያለችው የልጅነት ደብሬ ከውጭ የተላከ ሶላር ነበራት። ስሄድ ፓነሉ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም የመንዝ ብርድ ለፓነል ይስማማዋል። የሞተው ባትሪው ነበር። የመኪና ዓይነት ባትሪ በየሌሊቱ እስኪያልቅ ከተጠቀሙበት ብዙ አይቆይም፣ ድምፅ ማጉያውም ከመብራቱ ጋር አንድ ላይ ተያይዞ ስለነበር ከአምፖሉ ይልቅ እሱ ነው የጨረሰው። የአብነት ተማሪዎቹ ሌሊት የሚያነቡት ተመልሰው በጧፍ ነው።

ለጉባኤው የማቀርበው ይህ ነው። የሊቲየም ባትሪ ይሁን፣ ለመብራቱ ለብቻው፣ ለድምፅ ማጉያው ለብቻው። ባትሪው ሳይራቆት የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ይኑረው። ከደብሩ ዲያቆናት አንዱ ሽቦውን ማጥበቅና ፓነሉን ከአቧራ ማጽዳት ይማር። በየዓመቱም ለሚቀጥለው ባትሪ የሚሆን ገንዘብ አሁን ከምንልከው ላይ ተቀንሶ ይቀመጥ፣ ለዚህ ሲባል ከአምስት ደብር ይልቅ ሁለት ብቻ ቢደርሰን ይሻላል። አገር ቤት ባለ ደብር ባትሪ የቀየራችሁ ካላችሁ ምን ዓይነት እንደነበረና ስንት ዓመት እንደቆየላችሁ ጻፉልኝ፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ለሚደረገው ስብሰባ ይዤው እገባለሁ።