ባትሪው 80 ላይ ይቁም ወይስ ይሙላ?

ዛሬ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። ላፕቶፔ 78 በመቶ ይላል። አምና ቢሆን የጀመርኩትን ተሯሩጬ ሴቭ አድርጌ እዘጋው ነበር። ዛሬ ሻማ ለኩሼ ይህን እጽፋለሁ።

ያገለገለ ቲንክፓድ ነው፤ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊነክስ ሲስተም ጭኜበታለሁ። ስገዛው «ባትሪው ምንም አልሆነም» ተብዬ ነበር። ሊነክስ ላይ ግን ባትሪው ስለራሱ የሚመዘግበውን ከፋይል ማንበብ ይቻላል። አንዱ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው ነው፤ ሌላው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። 57 ዋት-ሰዓት የነበረው 36 ሆኗል። አንጀቴ አረረ።

ቲኤልፒ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩ። ባትሪው ከ75 ሲወርድ ቻርጅ ማድረግ እንዲጀምር፣ 80 ሲደርስ እንዲያቆም አደረግኩት። ሊቲየም ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶ ሲቀመጥ ቶሎ ያረጃል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የእኔ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ ነው የሚውለው።

እዚህ ላይ ግን ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ምክሩ መብራት ለማይጠፋበት ሰው ቀላል ነው። ለእኔ ያ የሚቀረው 20 በመቶ፣ ላፕቶፑ ያኔ ይበላ በነበረው መጠን፣ ጨለማ ውስጥ የ40 ደቂቃ ሥራ ነው። ለባትሪው ዕድሜ ብዬ የዛሬን ማታ ልጣ?

ብዙ ካሰብኩ በኋላ ወደ ፍጆታው ዞርኩ። ቻርጀሩን ነቅዬ ማሽኑ ስንት ዋት እንደሚበላ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ፓወርቶፕን፣ ከፈትኩ። 11 ዋት ይበላል። የስክሪኑን ብርሃን በግማሽ ስቀንስ ወዲያው ወረደ። ብሮውዘሩ ላይ ከፍቼ የረሳኋቸውን ታቦች ዘጋሁ። ቪዲዮ ሳይ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ይጨናነቅ ነበር፤ ሥራውን ለግራፊክስ ቺፑ ሰጠሁት። ብሉቱዝ ማጥፋቱ ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። አሁን ስጽፍ 6 ዋት ላይ ነው። 80 በመቶው ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። ድሮ 100 ሞልቶም ከ3 ሰዓት ከሩብ አያልፍም ነበር። ስለዚህ 80 ላይ ይቁም ብያለሁ።

እንቅልፉም ነገር ነበረው። ክዳኑን ዘግቼ፣ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ታክሲ እሳፈራለሁ። ስደርስ ላፕቶፑ ግሎ፣ ባትሪው ወርዶ አገኘዋለሁ። ለካ ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) እኔ ማሽን ላይ ክዳኑ ሲዘጋ የሚመረጥ ሁለት ዓይነት እንቅልፍ አለው። በቀላሉ እንቅልፍ ፕሮሰሰሩ ያርፋል እንጂ ማሽኑ አይጠፋም። በጥልቁ ኃይል የሚያገኘው በዋናነት ራም፣ ማለትም የተከፈተውን ሥራ የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው። የእኔ ጥልቁን ስለሚችል ወደዚያ ቀየርኩት። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን ምርጫ ማስቀረታቸው ያሳዝነኛል።

2 ሰዓት ተኩል ሆነ። 53 በመቶ። ታናሽ እህቴ ስልኳንና ገመዷን ይዛ መጣች።

«ሊዘጋብኝ ነው፤ እዚህ ልሰካው?»

«ሰኪው» አልኳት። ፓወርቶፕ ላይ 6 የነበረው ተመልሶ 11 ገባ። ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጌ መጻፌን ቀጠልኩ።