የቃል ዘር ስትፈልጉ ፊደሉን አትልቀቁ

የቃላትን ታሪክ ኦንላይን መዝገበ ቃላት ላይ መፈለግ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አብዛኛው ነገር ቀላል ነው። ቃሉን ትጽፋላችሁ፣ ፍቺውን ታነባላችሁ። «ጋዜጣ» እና «መኪና» ከጣሊያንኛ እንደመጡ፣ የ«ጠረጴዛ» ዘር ደግሞ ግሪክኛ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አይፈጅም።

ጣጣው የግዕዝ ሥር ያላቸው ቃላት ላይ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ስንት ምሽት ይተርፈኝ ነበር!

እኔን ያንገበገበኝ «ምሥራቅ» ነው። ስልኬ ላይ የነበረው መዝገበ ቃላት ከ«ሰረቀ» ሥር ከቶታል። ሌባ፣ ስርቆት፣ ተሰረቀ፣ ቀጥሎ ምሥራቅ። በ«ሠ» ደግሜ ጻፍኩ። ያው ገጽ መጣ። ለካ መፈለጊያው ሠን ወደ ሰ፣ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እየለወጠ ነው የሚፈልገው። ለአዘጋጆቹ ጻፍኩላቸው። «ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በፈለጉት ፊደል መጻፍ ይችላሉ» አሉኝ። የእርዳታ ገጻቸውም ይህንኑ ይላል። እስካሁን ያበሽቀኛል። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል?

በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ነው። ምሥራቅ ፀሐይ የምትሠርቅበት ነው። ሰረቀ የሌባው ነው። ዐረብኛም ሁለቱን ለይቶ ሸረቀ እና ሰረቀ ይላል። እኛ ጋ ድምፁ አንድ ሆነ እንጂ ዘሩ አንድ አልሆነም። ምሕረት ከመሐረ ነው፣ መምህር ከመሀረ። ሥዕል ከሠዐለ ነው፤ ቅዳሴ ላይ የምንሰማው «ሰአሊ ለነ» ግን ከሰአለ፣ ለመነ ከሚለው ነው። ፊደሉን ስታጠፉ እነዚህን ሁሉ ታደባልቃላችሁ።

ለዕለት ጽሑፍ ሠ ይሁን ሰ ከማንም ጋር አልጣላም። የቃል ታሪክ ለሚፈልግ ግን «በፈለጉት ፊደል» የሚለውን ምክር አትስሙ ነው የምለው። መጀመሪያ ትክክለኛውን ፊደል ከቆየ ሕትመት አረጋግጡ። እኔ የምጀምረው በ1948 ዓ.ም. ከታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ነው። ስካኑን ስትከፍቱ ግን ተራው በአበገደ እንጂ በሀለሐመ አይደለም። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው ቃሉ የለም ብሎ ይወጣል።

ቀጥሎ የግዕዝ ሊቅ የሆነው ጀርመናዊው ዲልማን። በ1865 እ.ኤ.አ. የወጣውን የግዕዝ መዝገበ ቃላቱን የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። ፍቺው በላቲን ነው፤ አያስፈራችሁ። ከግዕዙ ጎን የዕብራይስጥና የዐረብኛ ዘመዶቹን ይደረድራል፤ ለዘር ፍለጋ ዋናው እሱ ነው።

«ምዕራብ»ን በዚህ መንገድ ስፈልግ አንድም አልተቸገርኩም። መነሻዋን ም ስታነሡ ዐረበ ይቀራል፤ ፀሐይ ገባች፣ ጠለቀች ማለት ነው። ዓርብም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ የሰንበት ዋዜማ። በጣም ደስ አለኝ!

መዝገበ ቃላት ለምትሠሩ ልጆች አንድ ልመና አለኝ። ድምፅ አዋሕዶ መፈለጉን አታጥፉት፣ ብዙ ሰው ይፈልገዋል። ግን ጎኑ ላይ «ፊደሉን እንደጻፍኩት ፈልግ» የሚል ምርጫ ጨምሩበት።